በእትዬ ገላነሽ ልክ

ቤዚ ከመጋረጃው ጀርባ ቀሚሱን በጭንቅላቷ አጥልቃ የእጅ ማስገቢያውን ፍለጋ ያዘች። አንገቷ ወጣ። ግራ እጇም ወጣ። ቀኝ እጇ ግን ጨርቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ በአንገቱ በኩል ብቅ አለ። እንደምንም አስተካክላ ብትለብሰውም ቀሚሱ ከትከሻዋ ሸርተት ብሎ ክርኗ ላይ አረፈ።

"ነስሮ!" ብላ ጮኸች። "አንተ ነስሮ! የሰፋኸው ቀሚስ ነው ወይስ የሠርጉን ድንኳን?"

ውጪ የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ጋብ አለ። መኪና ግርግር በሚሏት በዚህች የሐረር ሰፈር ሰው ሲጮህ ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ እግራቸውን ያሳርፉና ጆሯቸውን ያቆማሉ። ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የምትወርደው ጠባብ መንገድ ግራና ቀኟ መኪናቸውን ደጅ አውጥተው በሚሰፉ ሰዎች የተሞላች ናት፤ እዚያ ተደብቆ መናደድ የሚባል ነገር የለም።

ነስሮ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። "ምን ሆነ? ምን ጎደለው?"

"ምንም አልጎደለውም፤ ተረፈ እንጂ!" ቤዚ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። የሎሚ ቢጫውን የሽፎን ጨርቅ በሁለት እጇ ሰብስባ ይዛዋለች። "እኔና እህቴ አንድ ላይ ብንገባበት እንኳ ለእንግዳ ቦታ ይተርፈናል።"

ከነስሮ ጎን የሚሰፋው ሙሜ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "አቦ ቤዚ፣ ኪቦርዱንም ከነተጫዋቹ ይዘሽው ግቢ፤ ወላሂ ይበቃችኋል!"

ሌላ ቀን ቢሆን ከሙሜ ጋር እስኪመሽ ትመላለስ ነበር። ዛሬ ግን ለወሬ ጊዜ የላትም። ከምሳ በኋላ በጎረቤታቸው በዘላለም ሠርግ ላይ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባንድ ጋር ትዘፍናለች። ቤዚ ዳቦ ቤት ቆማ ስትሸጥ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ስታንጎራጉር የኖረች ልጅ ናት። ሰፈሩ "ሬዲዮናችን" እያለ ይቀልድባታል። ኪቦርድ የሚጫወተው ዮሲ፣ የባንዱ ዘፋኝ ለሌላ ሠርግ ድሬዳዋ ስትቀርበት የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋውና ሬዲዮናችንን አስታወሰ። "እሑድ ከተሳካልሽ በቋሚነት ከእኛ ጋር ነሽ" አላት። ያን ቃል ከሰማች ጀምሮ እግሯ መሬት አልረገጠም። ታዲያ ዘፈኑን ከማጥናቷ በፊት ከዳቦ ቤቱ ለአፍታ አምልጣ፣ ሮጣ ሄዳ ጨርቅ ገዛች። እንዲህ ናት፤ ማንኛውንም ደስታ መጀመሪያ የምታየው ለብሳው ነው።

"እኔ በላክሽልኝ ልክ ነው የሰፋሁት" አለ ነስሮ። ቅር ብሎታል። "ሰው ይመስክር!" ከመደርደሪያው ላይ አንድ ቡናማ ቀሚስ አውርዶ ፊቷ ዘረጋው።

ቤዚ ከዳቦ ቤቱ የምትወጣው ሱቆች ከተዘጉ በኋላ ስለሆነ እሷ ራሷ መጥታ መለካት አልቻለችም። እንደ ብዙዎቹ ደንበኞች ልኳ የሆነ አሮጌ ቀሚስ በእህቷ በትዕግሥት እጅ ላከች። "ገመዱ ላይ ያለውን ቡናማውን ውሰጂለት" ነበር ያለቻት። አሁን ቡናማውን ቀሚስ አገላብጣ አየችው። ጨርቁ የሷ ነው። አበባውም የሷ ነው። ወገቡ ግን የሷ አይደለም።

"ውይ በሞትኩት! የእትዬ ገላነሽ ነው!"

እትዬ ገላነሽ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤቷ ናቸው። አምና ማዶ ካለው ከኸዲጃ ሱቅ፣ ከአንዱ ጣቃ ላይ ለሁለቱም አስቆርጠው ነበር። የሚያሰጡትም አንድ ገመድ ላይ ነው። ትዕግሥት መጀመሪያ ያገኘችውን ቡናማ አውርዳ ይዛ ሄደች።

"ቆይ፣ አንተስ እኔን አታውቀኝም?" አለች ቤዚ። "ስንት ቀሚስ ሠርተህልኛል! ይሄን ሁሉ ጨርቅ ስትገጥም ዓይንህ የት ነበር?"

ነስሮ አቀረቀረ። "ወፍረሻል ብዬ ነዋ።"

"በአንድ ሳምንት?"

"ምን ላድርግ? አንዴ ሚስቴን ወፍረሻል ብያት ስንት ጊዜ እንዳኮረፈችኝ አላህ ነው የሚያውቀው። ከዚያ ወዲህ ሴት ልክ ከላከችልኝ አፌን ዘግቼ ነው የምሰፋው።"

መንገዱ በሙሉ ሳቀ። በዚህን ጊዜ ቤዚም ሳቅ አመለጣት።

መላው ለመገኘት አልዘገየም። ነስሮ ግራና ቀኝ ጎኑን ተርትሮ ትርፉን ይቆርጣል፣ ሙሜ እጅጌውን ያጠብባል፣ ማዶ ያለው ሰፊ ደግሞ የታችኛውን እጥፋት ይይዛል። ከተጋገዙ ለምሳ ይደርሳል። ቤዚ ቀሚሱን አውልቃ አስረከበችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"ዝም ብለሽ አትቀመጪ፣ ዝፈኚልን እንጂ" አላት ሙሜ። "ዮሲ ኪቦርድ ካለው እኛም መኪና አለን።"

የመኪናውን መርገጫ ረገጥ፣ ፋታ፣ ረገጥ ረገጥ እያደረገ ምት አወጣለት። ማዶ ያለው ሰፊ ተቀበለው። ቤዚ መጀመሪያ በጉሮሮዋ አንጎራጎረች፣ ቀጥሎ ድምፅዋን ለቀቀችው። መንገደኛው መቆም ጀመረ። ከገጠር፣ ከሶፊ፣ ጫት ይዛ የመጣች ሴት ፌስታሏን መሬት አስቀምጣ አጨበጨበች። ቤዚ ሰው ፊት መዝፈን እንዲህ ቀላል ከሆነ ምን አስፈራኝ አለች በልቧ።

እትዬ ገላነሽ የደረሱት በዚህ መሐል ነው።

"ይኸዋ! የቀሚሴ ሌባ ዘፋኝ ሆና አገኘኋት!" አሉ ገና ከሩቁ። "እኔ ሰሞኑን ሁሉ ጅብ ስረግም ሰነበትኩ!"

"ጅብ ደግሞ ቀሚስ ምን ያደርግለታል እትዬ?"

"የሐረር ጅብ አይደል እንዴ? ሠርግ ተጠርቶ ይሆናላ! ዛሬ ትዕግሥትን ባላፋጥጣት ኖሮ እንደተረገመ ይቀር ነበር።"

ቤዚ እየሳቀች ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳቻቸው። እሳቸው ግን ቡናማ ቀሚሳቸውን እጥፍጥፍ አድርገው ብብታቸው ሥር ከተቱት። ከሠርግ ቤቱ ወጥ ቤት ገብተው ድስት ሲያማስሉ የሚለብሱት እሱን ነው።

እትዬ ገላነሽ ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ባላቸው በሕይወት ሳሉ አዲስ የመጣ ፋሽን ሁሉ መጀመሪያ የሚታየው እሳቸው ላይ ነበር። ቤዚ ልጅ ሆና ለፋሲካ ምን ለብሰው ይወጡ ይሆን እያለች በራቸው ላይ ትጠብቃቸው ነበር። ቀሚስ መውደድን የተማረችው ከሳቸው ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ባላቸው ካረፉ በኋላ ጥቁሩን በጊዜው ቢያወልቁም ወደ ቀለም ግን አልተመለሱም። ሠርግ ሲጠሩ ወጥ ቤት ይገባሉ እንጂ ድንኳን ውስጥ አይቀመጡም።

ነስሮ እንዲህ ስሙ ጠፍቶ መዋል አልፈለገም። "እትዬ ገላነሽ፣ አንዴ ይልበሱልኝ" አላቸው። "ስፌቴ እንከን እንደሌለው ይሄ ሁሉ ሰው ይይልኝ። ከዚያ እቆርጠዋለሁ።"

"እኔ? ይሄን ቢጫ? አብደሃል እንዴ?"

"ለአፍታ ነው እትዬ" አለች ቤዚ።

"ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የተባልነው እኛ ነን" አለ ሙሜ። "እኛ ደግሞ ምንም አንልም።"

ሙሜ ምንም ሳይል የዋለበት ቀን የለም። ይሁንና እትዬ ገላነሽ እያጉረመረሙ ወደ መጋረጃው ጀርባ ገቡ።

ሲወጡ ሙሜ እውነትም ምንም አላለም። ቀሚሱ ትከሻቸው ላይ ልክክ ብሏል። ወገባቸውን ያዝ አድርጎ ከዚያ በታች በሰፊው ወርዷል። ቢጫው የፊታቸውን ጠይምነት አፍክቶታል። ነስሮ "ማሻአላህ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጫት ይዛ የመጣችው ሴት እልልታዋን አቀለጠችው። ሙሜ ምቱን እንደገና ጀመረ። እትዬ ገላነሽ አንድ ሁለት እርምጃ ተራመዱና ሳያስቡት ዞር አሉ፤ የቀሚሱ ሰፊ ክሎሽ ተነሥቶ ዙሪያቸውን ከበባቸው። ከት ብለው ሳቁ። ቤዚ እንዲህ ሲስቁ ካየቻቸው ዓመታት አልፈዋል። ወዲያው ግን ኸዲጃ ሱቅ ውስጥ ባለው መስታወት ራሳቸውን አዩና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"በቃ፣ በቃ። አይታችኋል አይደል?" አሉ። "ልጅቷ እንዳይመሽባት ቶሎ ቁረጡት።"

ገብተው አውልቀው ቡናማውን ለበሱ። ነስሮ ቢጫውን ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጠመኔ አሰመረ። መቀሱን አነሣ።

ቤዚን ቅናት ያዛት። እውነቱ ይሄ ነው፤ መጀመሪያ የመጣባት ማዘን አልነበረም። ጨርቁን ስትገዛ በሐሳቧ ያየችው ቀሚስ ልክ እንደዚያ የሚሆን፣ ልክ እንደዚያ የሚዞር ነበር። እሷ ላይ የቱንም ያህል ቢያጠብቡት እንደዚያ አይሆንም። ቀሚስ የሚወድ ሰው ደግሞ ያየውን አላየሁም ማለት አይሆንለትም። የመቀሱ አፍ ጨርቁን ሊነክስ ሲል ከበርጩማዋ ተነሣች።

"ነስሮ፣ ተው!"

"አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?"

"አትቁረጠው። የሳቸው ነው።"

"የማን?" አሉ እትዬ ገላነሽ፤ ፊታቸው ተቀያየረ። "እኔ ምጽዋት ጠየቅሁሽ?"

"ምጽዋት አይደለም እትዬ፣ ቅናት ነው። እርስዎን ካየሁ በኋላ እኔ ለብሼው ብወጣ ለራሴ አላምርም።"

"አንቺስ ምን ለብሰሽ ልትዘፍኚ ነው?"

"እንጃ።" ቤዚ የምሯን ነበር። "ብቻ ይልበሱልኝ።"

እትዬ ገላነሽ ፊታቸውን አዞሩ። ነስሮ ቀሚሱን አጣጥፎ ሲሰጣቸው ግን አልገፉትም።

ከሐረር ግንብ ውጪ ባለው ሰፈራቸው የተተከለው ድንኳን ጢም ብሎ ሞልቷል። ምሳው ተበልቷል። ሙሽሮቹ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ሳክስፎኑ አልፎ አልፎ እየጮኸ ይሞከራል። ቤዚ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ጉርድ ለብሳ ስፒከሩ አጠገብ ቆማለች።

"ያ ሁሉ ያወራሽለት ቀሚስስ?" አላት ዮሲ።

"ይመጣል።"

"በእግሩ?"

"አዎ፣ በእግሩ።"

ዮሲ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም። "ስሚኝ፣ ለስለስ ያለውን አንዱን ብቻ ዘፍነሽ ትወርጃለሽ። ፈጣኑን እንዳትነኪው። ልምምድ ላይ መሐሉ ላይ ትንፋሽ እንዳጠረሽ አይተናል። ከእኛ ጋር መሥራት ከፈለግሽ ዛሬ እንዳትሳሳቺ።"

ቤዚ እሺ ብላ ማይኩን ተቀበለች። የሙሽራው የዘላለም እናት ወይዘሮ አስቴር ከፊት ወንበር ሆነው "ሬዲዮናችን፣ ዛሬስ ባትሪ አለሽ?" ሲሏት ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች። ዓይኗ ሕዝቡን ዞሮ ዞሮ ወጥ ቤቱ በኩል ያለው መግቢያ ላይ ቆመ።

እትዬ ገላነሽ እዚያ ናቸው። ቢጫውን ለብሰዋል። ግን ከወገባቸው በታች ሰፊ ጥቁር ሽርጥ አገልድመውበታል፣ ትከሻቸው ላይም ነጠላ ደርበውበታል። ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ከምትታየው ቢጫ በቀር ቀሚሱ የለም ማለት ይቻላል። ይባስ ብለው ጭልፋ ይዘዋል፤ ለጭፈራ ሳይሆን ለሥራ እንደመጡ ሰው ሁሉ እንዲያውቅላቸው ነው። እግራቸው ግን ጉዳቸውን ያወጣል። ሳክስፎኑ በጮኸ ቁጥር ተረከዛቸው ከፍ ዝቅ ይላል።

ዮሲ የለስላሳውን ዘፈን መግቢያ ጀመረ። ቆንጆ ዘፈን ነው። ቤዚ ከዳር እስከ ዳር ታውቀዋለች፤ አንድ ቦታም አትሳሳትበትም። ተቀምጠው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ የሚሰሙት ነው። ማንንም ከወንበር አያስነሣም፣ ማንንም ከወጥ ቤት አያስወጣም። ቀሚስም አያዞርም።

ቤዚ ወደ ኋላዋ ዞራ መዳፏን ኪቦርዱ ላይ ጫነችው። ስፒከሩ አጓራ።

"ምን ሆነሻል?" ዮሲ ዓይኑ ፈጠጠ።

"ፈጣኑን።"

"ቤዚ፣ ትንፋሽ ያጥርሻል አልኩሽ! ሥራውን አትፈልጊም?"

"እፈልጋለሁ። በጣም ነው የምፈልገው። ፈጣኑን ጀምር።"

መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ሕዝቡ ዞረች። "እትዬ ገላነሽ!" አለች በማይኩ። ድምፅዋ ድንኳኑን አልፎ ሰፈሩን ሞላው። "ያን ሽርጥ ፈተው እስኪገቡ አልጀምርም!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እትዬ ገላነሽ ጭልፋቸውን ወደ መድረኩ ቀሰሩት። "ቆይ ብቻ፣ ቤት አንገናኝም? ገመዱ ላይ ነው የማሰጣሽ!"

"ያስጡኝ! አሁን ግን ይፍቱት!"

ጭብጨባው ከየአቅጣጫው ተነሣ። ወይዘሮ አስቴር ብድግ ብለው ሄደው ጭልፋውን ከእጃቸው ተቀበሉ። እትዬ ገላነሽ እየተሳደቡ፣ እየሳቁ፣ ጣቶቻቸውን የሽርጡ ቋጠሮ ላይ አሳረፉ። ቋጠሮው ጠብቋል። ዮሲ በጥርሱ መሐል "ቤዚ፣ አሁንም አልረፈደም" አላት።

ቤዚ አየሩን በረጅሙ ሳበችና ፈጣኑን እንዲጀምር ለድራመሩ ራሷን ነቀነቀችለት።