ከጋሽ ኪዬም በር ትይዩ

«እማዬ፣ የምትፈሪው ለእኔ ነው ለራስሽ?»

ልጄ ሉዋ ይህን የጠየቀችኝ ወደ ሳይጎን በሚወስደን አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከዘንቢሌ የደረቀ ሙዝ አውጥቼ ሰጠኋትና በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።

ሉዋ ከጓደኞቿ ጋር ከሳይጎን እስከ ዳላት ተራራ በብስክሌት ልትሄድ ነው። ሁሉም ሴቶች ናቸው። መሪያቸው ኩየን የምትባል የስፖርት አስተማሪ ናት፤ ያረፈደ ሰው አትጠብቅም። አምና አንዷን የጫማዋን ክር ስታስር ጥለዋት ሄደዋል። እኔ ልጄን ላስቀራት አልመጣሁም። በወጉ ልሸኛት ነው የመጣሁት።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ረዳቱ ብስክሌቷን ከዕቃ መጫኛው ውስጥ እየጎተተ አወጣና ሳቀ።

«ብስክሌት እያላችሁ በአውቶቡስ ትመጣላችሁ?»

«አንተስ እግር እያለህ በአውቶቡስ አይደል የምትኖረው?» አለችው ሉዋ።

መንገዱ በሞተር ሳይክል ተሞልቷል። እኔ የብስክሌቷን ኮርቻ ከኋላ አጥብቄ ያዝኩ።

«እማዬ፣ ልቀቂው! እየገፋሁት እኮ ነው፤ ገና አልተቀመጥኩበትም።»

አልለቀቅኩትም። የአክስቴ ልጅ ኑንግ ቤት እስክንደርስ ድረስ እንደዚያው ይዤ ሄድኩ። በመንገድ ላይ የየቅያሱን ሰሌዳ ራሴ ካላነበብኩ ብዬ ብዙ አቆምኳት። የማታ ትምህርት የጀመርኩት ቅርብ ጊዜ ስለሆነ ፊደሉን አንድ በአንድ ነው የማነበው፤ እሷ ግን ሳትቆጣ ጠበቀችኝ።

ማታ ዕቃዋን ስታስር እኔም ከቤት ያመጣሁትን ጨመርኩላት። የዓሣ መረቅ በጠርሙስ፣ ጃንጥላ፣ የሩዝ ድስት።

«ተራራውን የምወጣው እኔ ነኝ ወይስ ኩሽናው?» አለችና ድስቱን ፈታችው። መልሼ አሰርኩት። ፈታችው። ስትተኛ እንደገና አሰርኩት።

ጠዋት ልጆቹ የሚገናኙት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በትልቁ ገበያ ፊት ለፊት ነው። እኛ ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። መንገድ የሚወጣ ሰው ከበሩ ሲወጣ መጀመሪያ ወንድ ካገኘ መንገዱ ይቀናዋል፤ ሴት ካገኘ ግን ወደ ቤት ተመልሶ ቆይቶ መውጣት አለበት። እናቴም፣ የእናቴም እናት እንዲህ ነው ያደረጉት። በሩን በጥቂቱ ከፍቼ አጮለቅኩ። አንዲት ዳቦ ሻጭ ቆማለች። ዘጋሁት። ቆይቼ ስከፍት አንዲት ሴት ደጇን ትጠርጋለች። ዘጋሁት።

«ይሄ ሰፈር ወንድ የለውም እንዴ?» አልኩ።

«ሞልቷል» አለች ኑንግ። «ተኝተዋል።»

«እማዬ፣ እኔም እኮ ሴት ነኝ» አለች ሉዋ። «ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ ወደ ቤቱ ይመለሳል?»

«አንቺ ልጄ ነሽ።»

«ደግሞስ ዛሬ መጀመሪያ ያየሁት አንቺን አይደል?»

«የቤት ሰው አይቆጠርም!»

በዚህ መሐል ፊት ለፊት ያለው የብረት በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። ጋሽ ኪዬም ናቸው፤ ገበያ ውስጥ የደረቀ ዓሣ የሚሸጡት የኑንግ ጎረቤት። ደስ ብሎኝ አንገቴን አወጣሁ። እሳቸው እኔን ሲያዩ በራቸውን ጓ አድርገው ዘጉት።

«ምነው እህቴ፣ በጠዋቱ!» ብለው ከውስጥ ጮኹ። «ዛሬ ትልቅ ደንበኛ ይጠብቀኛል። ፊትሽን ሳላይ ልውጣ፣ እባክሽ ዞር በይልኝ!»

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ! ልጄ ወንድ አግኝታ ትውጣ።»

«እኔ ስወጣ ማንን ላገኝ ነው? ልጅሽን! ገበያዬን ልትዘጊው ነው?»

«እንግዲያው ዓይንዎን ጨፍነው ይውጡ።»

«ዓይኔን ጨፍኜ ሞተር ልንዳ?»

«በጀርባዎ ይውጡ።»

«በጀርባዬ? ጀርባዬ ወንድ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

ይህን አሰብኩበት። እውነታቸውን ነው። ኑንግ ከኋላዬ ስትስቅ ሰማኋት፤ እኔ ግን ዓይኔን ከበሩ ቀዳዳ አላነሳሁም።

ያኔ ከቅያሱ ጫፍ አንድ ሞተር ብቅ አለ። ነጂው ኮፍያ አድርጓል፣ አፍና አፍንጫው በጨርቅ ተሸፍኗል፣ ጓንትና ረጅም ጃኬት ለብሷል። ከዓይኑ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

«ወንድ ነው!» አልኩ።

«ቆዪ እህቴ፣ አትቸኩዪ» አሉ ጋሽ ኪዬም። «ጓንቱ አበባ አለበት።»

«የሚስቱን ጓንት ቢያደርግስ?»

«አንተ! አንቺ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ኪዬም በበራቸው ክፍተት። «ወንድ ነህ ሴት ነሽ?»

ነጂው ደነገጠ። አንዴ ወደ እሳቸው በር አንዴ ወደ እኛ በር አየና ሞተሩን አስጓርቶ በረረ።

«ደንግጦ ሸሸ፤ ወንድ ነው» አልኩ።

«ወንድ ቢሆን ይሰድበን ነበር» አሉ ጋሽ ኪዬም።

ኑንግ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «አሁን ወንዱን የምትፈልጊው ለማን ነው?»

ዞር አልኩ። ብስክሌቱ የለም። የሩዝ ድስቱ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ከቤቱ ጀርባ ወደ ቦይ የሚያወጣው የኩሽና በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«መቼ?»

«ስለ ጀርባ ስትከራከሩ። ስማሽ ልትሄድ ፈልጋ ነበር፤ ዞር አላልሽም።»

ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። ከሉዋ ድምፅ ጀርባ የብዙ ሴቶች ሳቅና የብስክሌት ደወል ይሰማል።

«እማዬ! ደረስኩ እኮ! ኩየን ልትነሳ ስትል ደረስኩ!»

«መጀመሪያ ያገኘሽው ማንን ነው?»

«የት?»

«ከበር ስትወጪ! ወንድ ነው ሴት?»

«አላየሁም፤ ሰዓቴን ነበር የማየው። ቻው እማዬ፣ ጀመርን!»

ስልኩ ተዘጋ። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«እህቴ!» አሉ ጋሽ ኪዬም ከወዲያ ማዶ። «ልጅሽ ሄደች?»

«ሄደች።»

«እሰይ! እንግዲያው ከበሩ ዞር በይልኛ!»

«እኔም እኮ ወደ አገሬ የምመለስበት አውቶቡስ አለብኝ፣ ጋሼ። እርስዎ ካልቀደሙ አልወጣም።»

ሉዋ ሄደች። እኔና ጋሽ ኪዬም ቀረን።