አማረን ግደለው

ምንይችል የቁጣ ሰው አይደለም፤ የኩርፊያ ሰው ነው። ባለፈው እሁድ ትዝታን እንዲጠይቁለት ሽማግሌ ልኮ አባቷ አቶ አማረ «ልጄ ገና ናት» ብለው ሲመልሱበት፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መካነ ኢየሱስ ከተማ ከተከራያት ክፍል ገባና በሩን ዘጋ። ትዝታ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ የወረዳውን ሰው እኩሌታ መርፌ ወግታለች። ምኗ ነው ገና? እሷማ ከተስማማች ቆይታለች፣ የቀረው የአባት ቃል ብቻ ነበር። ይወዳታል። ተምሮ ተመልሶ እዚህ የተቀመጠውም ለእሷ እንጂ ለኔትወርኩ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል።

ሰኞ ዕለት ንዴቱን ይዞ ሥራው ላይ ተተከለ። ሥራው ኮድ መጻፍ ነው፤ እርግጥ አይጽፍም፣ ያስጽፋል። ላፕቶፑ ላይ የጫነው ፕሮግራም ስምንት የኤአይ ኤጀንቶችን፣ ያዘዟቸውን ራሳቸው የሚሠሩ ማሽኖችን፣ ባንዴ ያሠራል። ስክሪኑ ለስምንት ይከፈላል፣ በየክፍሉ አንድ ኤጀንት ኮዱን ይለቀልቃል፣ ምንይችል ደግሞ እግሩን አነባብሮ አንተ ይህን ሥራ፣ አንተ ያንን ተው፣ አንተ ቆይ ይላል። በሕይወቱ የሚታዘዝለት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዳቸው ስም ስጥ ስለሚል የአገሩን ሰው ስም አደላቸው። ፈጣኑንና ቀጣፊውን በደላላው ስም ታፈረ አለው። ሳያስፈቅድ የማይተነፍሰውን ሙላት። አንደኛው ግን ያዘዙትን ሁሉ እምቢ የሚል ነበር። እሱን ለምን አማረ እንዳለው መናገር አያስፈልግም።

የያዙት ሥራ የአውቶቡስ ትኬት መሸጫ ነው። ባህር ዳር ያለው ሸሪኩ ንጋቱ ሐሙስ ለደንበኛ ሊያሳየው ቀጠሮ ይዟል። ረቡዕ ከሰዓት ሰባቱ ኤጀንቶች «አልቋል» አሉ። አማረ «አላለቀም» አለ። ምንይችል እንደገና አዘዘው። አላለቀም። አሥር ጊዜ አዘዘው፣ አሥር ጊዜ እምቢ አለው። በዚህ መሀል ንጋቱ ደወለ። መስመሩ ስለሚቆራረጥ እዚህ አገር በስልክ የሚያወራ ሁሉ ይጮኻል፤ ምንይችልም ጮኸ።

«አማረን ልገድለው ነው! አማረን! ኧረ እሱ እያለ ሥራ የለም! ታፈረ ይበቃናል። አዎ፣ አሁኑኑ! ... ይኸው ገደልኩት! ተገላገልኩ!»

በእነሱ ሙያ የሚሠራን ፕሮግራም ማስቆም «መግደል» ይባላል። ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ ጌሾ ይወቅጡ የነበሩት አከራዩ እትዬ አበራሽ ግን የዚያ ሙያ ሰው አልነበሩም። ዘነዘናውን ጥለው ነጠላቸውን እየጎተቱ ሮጡ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። አቶ አማረ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው እሁድ ሽማግሌ ሆነው የሄዱት ቄስ፣ አባ ገብረ መድኅን፣ ከእሳቸው ኋላ እትዬ አበራሽና የሰፈሩ ሴት ሁሉ።

«ገደልኩት ብለሃል አሉ» አሉ አቶ አማረ። «ካልሞትኩ ጨርሰኝ ብዬ መጣሁ።»

ምንይችል ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞረ።

«ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም። ይኼ ውስጥ ያለውን አማረ ነው። ስም ነው እንጂ ማሽን ነው።»

አቶ አማረ መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ። «የትኛው ነኝ እኔ?»

«ይኼ የጠቆረው። እርስዎ... ሞተዋል።»

«ነፍስ ይማር» አሉ አባ፣ ከልማድ አፋቸው አምልጧቸው።

«ይኼ የሚብለጨለጨውስ?»

«ታፈረ ነው።»

«ደላላው? እሱ በሕይወት አለ፣ እኔ ሞቻለሁ?» ከግድያው ይልቅ ይኼ አንገበገባቸው። «ምን አድርጌ ነው የገደልከኝ?»

«አሥር ጊዜ አልቋል ይበሉ ስልዎ አሥር ጊዜ አላለቀም አሉኝ።»

«አልቋል ወይ?»

ምንይችል ኤጀንቱ መጨረሻ ላይ የጻፈውን ከፍቶ አነበበላቸው። «አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው ይሸጣል። ይህ ሳይስተካከል አልቋል አልልም።» ጆሮው ጋለ። እስካሁን አላነበበውም ነበር።

«እውነቱን ነው» አሉ አባ። «እኔ ባለፈው ደብረ ታቦር ስሄድ ወንበሬን ለአንዲት ሴት ደግመው ሸጠውት፣ ዶሮዋን ታቅፌ ነው የደረስኩት።»

«እውነት ተናግሬ ነዋ የተገደልኩት!» አቶ አማረ ዱላቸውን መሬት መቱ። «አስነሳኝ!»

ምንይችል አንዲት ቁልፍ ተጫነ። የጠቆረው ክፍል በራ፤ አማረ ካቆመበት ወንበሩን ማስተካከል ጀመረ።

«ይኼንን ሰው ፊት ባታደርገው መልካም ነው» አሉ አባ በሹክሹክታ።

አቶ አማረ ባለሦስት እግሯን ዱካ ስበው ተቀመጡና ራሳቸው ሲሠሩ በኩራት ማየት ጀመሩ። ምንይችል ግን ትዝታ ዛሬ ለዘላለም እንዳመለጠችው ገባው። የሚሆነው ቢጠፋው ጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

«ይቅር ይበሉኝ። እሁድ እምቢ ቢሉኝ ከፍቶኝ ነው። እወዳታለሁ።»

የልጅቱ አባት ፊት እንዲህ አይባልም። በር ላይ ያሉት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«ማን እምቢ አለህ?» አሉ አቶ አማረ።

«እርስዎ ነዎታ! ልጄ ገና ናት ብለው።»

«ታዲያ በመጀመሪያው ቀን እሺ ልበል? ልጄ የጣልኳት ዕቃ ናት?» ወደ አባ ዞሩ። «አልነገሩትም እንዴ?»

«ልነግረው ሁለት ቀን ተመላለስኩ። መች በሩን ከፈተልኝ!»

አቶ አማረ ምንይችልን በክንዱ ይዘው አነሱት። ድምፃቸው ከቁጣው ወርዶ ነበር።

«ይኼን ማሽን አሥር ጊዜ ለመንኸው። እኔ ዘንድ ሽማግሌ የላክኸው አንዴ ነው። ለሁለተኛው ጠላ አስጠምቄ፣ ዛሬ ይመጣሉ ነገ ይመጣሉ እያልኩ ደጅ ደጁን ሳይ፣ አንተ ትገድለኛለህ?»