የታጠበው ጉንጭ

ሙጠሊብ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። ከድሬዳዋ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እዚህ ጅቡቲ ደግሞ ግድግዳችን አንድ ነው። ለሠላሳ ዓመት ጫት በያዘበት በግራ ጉንጩ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣበት። አያመኝም እያለ ከረመ። በመጨረሻ ሄሮን ሰፈር ወዳለ አንድ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ።

የተቀበለችን ሐኪም ሳብሪን የምትባል የድሬ ሰዎች ልጅ ናት።

«አባባ፣ አፍዎን ይክፈቱ።»

«አቦ! ጀዋሪያ ሚስቴ ዝጋ ትለኛለች፣ አንቺ ደግሞ ክፈት ትይኛለሽ።»

ሳቀች። በጠፍጣፋ እንጨት ጉንጩን ጫር ጫር አድርጋ ያገኘችውን ስስ የመመርመሪያ መስታወት ላይ ቀባችው።

«የላይኛው ሽፋን በራሱ ይረግፋል» አለች። «ከሚረግፈው ውስጥ ክፉ ነገር ካለ በማይክሮስኮፕ ይታያል።»

ለውጤቱ ስንመለስ፣ «ክፉ ነገር አላየሁም» አለችው። «ግን ያገኘሁት በጣም ትንሽ ስለሆነ አያስተማምንም። ሁለት ሳምንት ቆይተው ይምጡ፣ እንደገና እወስዳለሁ።»

ሙጠሊብ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ይዞ ወጣ። ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ አስታወስኩት።

«አንተ ፍስሐ፣ ሰው ሲድን ደስ አይልህም?» አለኝ።

አልሄደም።

ሙቀቱ ገብቶ እስኪወጣ ጉንጩ ተሰነጠቀ፤ ከመንጋጋው ሥር እብጠት ወጣ። ያኔ ራሱ መጥቶ በሬን መታ።

ሳብሪን እንደገና ጫረች። በዚህኛው መስታወት ላይ ክፉውን ለማየት ብዙ አልቆየችም።

«አባባ፣ ያን ጊዜ ከመምጣትዎ በፊት አፍዎን ምን አደረጉት?»

«ታጠብኩ። በልጄ ዕድሜ ላለች ሴት ቆሻሻ አፍ እከፍታለሁ? ጀዋሪያ ጨው በጠበጠችልኝ። ‹በደንብ እሸው፣ እንዳታሳፍረኝ› አለችኝ። ነጩ እስኪነሳ በመፋቂያ ፋቅሁት።»

ሳብሪን መሬት መሬት አየች።

«የምፈልገው እሱን ነበር።»

«የተፋሁትን?»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

«ሥጋው ተቆርጦ መታየት አለበት። ግን ክፉው ነገር ወደ አንገትዎ ወርዷል፣ አባባ። አልዋሽዎትም።»

ውጭ ስንወጣ ክንዴን ያዘ።

«የጨውን ነገር ለጀዋሪያ እንዳትነግራት። ከእኔ በኋላም ቢሆን።»

«ታዲያ ምን ትላታለህ?»

«ለእኔ ተወው።»

ቤት ስንገባ ጀዋሪያ መጀመሪያ የጠየቀችው ያንኑ ነው።

«ፊት ለምን አልታየም?»

«ልጅቷ ናት የተሳሳተችው» አላት። «አጠገቧ ሆኖ አላየችውም። ፍስሐን ጠይቂው።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ዝም አልኩ። ጀዋሪያ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ሳብሪንን ረገመች። ከዚያ ወዲህ ከሶላቷ በኋላ ሳትረግማት የዋለችበትን ቀን አላውቅም፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ይሰማል።

ዘመዶቹ አዲስ አበባ ወሰዱት፤ ሐኪሞቹ ጉንጩን ቆረጡት። ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ብለው መለሱት። ምላሱ ተያዘ፣ ቃል ማውጣት ቀረ።

ረመዳን ሊገባ ሲል ሳብሪን የሕመም ማስታገሻ ይዛ መጣች። እኔ ከሙጠሊብ አልጋ አጠገብ ነበርኩ። ጀዋሪያ በሩ ላይ ቆመችባት።

«ያን ጊዜ ዓይንሽ የት ነበር? አሁን ምን ልታዪ መጣሽ?»

ሳብሪን በጀዋሪያ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። ዓይኔን ወደ አልጋው መለስኩ። ሙጠሊብ በክርኑ ቀና አለ። አፉን ከፍቶ ሊናገር ታገለ፤ የወጣው ድምፅ ብቻ ነው።

«ሰማሽ?» አለች ጀዋሪያ። «እሱም ሂጂልኝ እያለሽ ነው።»

ሳብሪን መድኃኒቱን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጣ ሄደች።