ጭቃ የለበሱ ሶላሮች

የምሽጉን ጣሪያ ገና ከታች ሳየው ደሜ ፈላ። ሠላሳ ሁለቱም ሶላሮች ጭቃ ተለቅልቀዋል። ጭቃው አልበቃ ብሎ ቅጠል ተጎዝጉዞባቸዋል።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ዳገቱን በእግሬ ወጥቻለሁ። መንገዱን ናዳ ስለቆረጠው መኪና አያልፍም፤ የጄኔሬተሩ ናፍጣም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነበር። ላይ ምሽጉ ውስጥ ደግሞ የሬዲዮ ሠራተኛው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ሳንባውን ታሞ በኦክስጅን ማሽን ነው የሚተነፍሰው። መብራት ከጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ ማሽኑ ከቆመ ሰውየው አለቀለት። "ሶላሩ ሞቷል፣ ድረሺ" ብለው የጠሩኝ ለዚህ ነው። ሶላሩን፣ ባትሪውንና ጄኔሬተሩን አገናኝቼ የተከልኩላቸው እኔ ነኝ። ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበትም እሱ ነበር።

"ማነው ይሄን ያደረገው?" ብዬ ጮህኩ።

ሃምሳ አለቃው ኮፍያውን እያስተካከለ ወጣ። አባቴ የሚሆን ሰው ነው።

"እኛ ነን ልጄ። እዚህ ከመጣን ሦስት ሳምንታችን ነው። ከሩቅ ሲያብለጨልጭ አይተን ሸፈንነው። የሚያብለጨልጭ ነገር ጠላት ይጠራል።"

"ሸፈናችሁት? አለቃ፣ ይሄ እኮ ጸሐይ ካላየ ባዶ መስታወት ነው!"

"እሺ ልጄ።"

"እሺ ምን ያደርግልኛል? ሰው ልትገድሉ ነው እኮ! ባትሪው ሲያልቅ ያ ሁሉ የማስጠንቀቂያ ጩኸት አልተሰማችሁም?"

"ተሰምቶናል።"

"እና?"

ኮፍያውን እንደገና አስተካከለ። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ። ደንቆሮ አልኳቸው፣ እንኳን ምሽግ የዶሮ ቤት አትጠብቁም አልኳቸው። እኔ አንዴ ከተነሳሁ አፌ ፍሬን የለውም። አሥራ አራት መሣሪያ የታጠቁ ወንዶች ፊት ለፊቴ ቆመው አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

በሽተኛውን የምትከታተለው የሕክምና ባለሙያ ከክፍሉ በር ብቅ አለች። "ናፍጣው አንድ ሰዓት አያቆየንም። ስድቡን በኋላ ትጨርሺዋለሽ" አለች።

ውሃ ጠየቅኩ። የሁለት ቀን የመጠጥ ውሃቸውን አምጥተው አስቀመጡልኝ። አንዱ ጭቃውን በሳንጃ ሊፍቅ ሲል ጮህኩበት፤ ሸሚዙን አውልቆ አራሰና ማሸት ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ሃምሳ አለቃው አጠገቤ ተንበርክኮ በጥፍሩ ይፍቃል። ጸሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ሶላሮቹ አንድ በአንድ ጠቆር እያሉ ብቅ ሲሉ ወደ ባትሪው ክፍል ሮጥኩ።

በሩ ላይ በቀይ ቀለም፣ በገዛ እጅ ጽሑፌ፣ "ያለ ባለሙያ መክፈት ፍጹም ክልክል ነው" ይላል። ከሥሩ የተቆለፈ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። መክፈቻው ኪሴ ውስጥ ነው።

ስከፍተው የአጠቃቀም መመሪያው ከውስጥ ግድግዳው ላይ እንደለጠፍኩት አለ። የመጀመሪያው መስመር "ሶላሮቹን ምንም ነገር እንዳይጋርዳቸው" ይላል። ከአራት ወር በፊት የነበሩትን ወታደሮች አሰልጥኛለሁ፤ እነሱ ተቀይረው ሄዱ። እኔ ደግሞ ወታደር ይነካካብኛል ብዬ መመሪያውን ቆልፌበት ወረድኩ። እነዚህ ወታደር ናቸው፤ ክልክል ሲባሉ አይከፍቱም። ባትሪው ሲጮህ እዚህ በር ላይ ቆመው እየሰሙ፣ የእኔን ትእዛዝ አክብረዋል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ስድብ መልሼ ብውጠው ደስ ባለኝ።

ባትሪው ሲያልቅ በራሱ ወደ ጄኔሬተሩ የዞረውን ማብሪያ ወደ ሶላሩ መለስኩት። ጥቂት ቆይቶ ጄኔሬተሩ ናፍጣው አልቆ አንዴ ሳል ብሎ ጠፋ። ሁላችንም ጆሯችንን ወደ ሕክምናው ክፍል ጣልን። ማሽኑ አልቆመም።

ወደ ማታ ሰውየው ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ። የተረፈችው አንዲት ኮዳ ነበረች፤ ለእሱ ሰጡት። ባለሙያዋ ወጥታ "ተርፏል" ስትል ወታደሮቹ ባዶ ደረታቸውን ይዘው መሬት ላይ ቁጭ ቁጭ አሉ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ።

"አለቃ" አልኩት፣ "ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የእኔ ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። ይህን ጊዜ ልጄ አላለኝም።

"እናውቃለን፤ በሩ ላይ የጻፍሽውን አንብበናል" አለ። "እጅሽን ስለፈለግነው፣ ሰውየው እስኪተርፍ ብለን ነው ዝም ያልንሽ። አሁን ቁጭ በይና የምንልሽን ስሚ።"