የምሳ ሰዓት ተማሪ

ፀጉር አስተካካዩ ግራና ቀኝ ጠፍቶበት አያውቅም፤ ቢጠፋበት ኖሮ የስንቱ ደንበኛ ጆሮ በተቆረጠ! ዛሬ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ግራ ገባው።

የበኩር ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ፈተናውንም እሰይ በሚያሰኝ ውጤት አልፋ ነበር። ጓደኞቿ በሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሲመደቡ የእሷ ስም ብቻ ቀረ። ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ይዘጋል፤ ካመለጣት ዓመቱ ሄደባት ማለት ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ሰሞኑን ለሁለት ተከፍሏል አሉ። ትምህርት ቤቶቹ የአንዱ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ የሌላው ሆነዋል።

ጠዋት በግቢው አንደኛው ሕንፃ፣ በትምህርት ቤቶቹ በኩል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ኃላፊ ጉዳዩን በጥሞና ሰማው።

"ከጨረሰች የእኛ አይደለችም" አለ። "ከሰዓት በኋላ ማዶ ይጠይቁ።"

ከሰዓት በኋላ ማዶ ተሻገረ። በሩን ሲከፍት የተቀመጠው ያው ሰው ነው፤ መነጽሩም እዚያው ግንባሩ ላይ።

"ምን ልርዳዎት?" አለ ሰውዬው፣ አይቶት እንደማያውቅ።

"ጌታዬ፣ ጠዋት እርስዎ አይደሉም እንዴ የላኩኝ?"

"እሱ ጠዋት ነው። ሰው እስኪመደብ ጠዋት የዚያ፣ ከሰዓት የዚህ ነኝ። ልጅዎን ያኛው ቢሮ አላስረከበንም።"

"ያኛው ቢሮ ማለት... እርስዎ?"

"ጠዋት ከሆነ፣ አዎ።"

"ታዲያ ራስዎን አይጠይቁልኝም?"

"አሁን ያንን ቢሮ ማዘዝ አልችልም፣ ወንድሜ።"

ሰውዬው ከልቡ አዝኖ ነው የሚናገረው፤ አስተካካዩን ያስጨነቀውም ይኸው ነው። ባለጌ ቢሆን ጮኾበት በወጣለት ነበር። እንዲህ በትሕትና የሚያደናብር ሰው ላይ ግን በየት በኩል ይጮኻል?

"በምሳ ሰዓትስ የማን ነዎት?" አለ ቢቸግረው።

ኃላፊው ሳቀ። "ያኔማ የማንም አይደለሁም።"

"ልጄም ምሳ ሰዓት ላይ ናታ!" አለ አስተካካዩ። "የእሷ ምሳ ሰዓት ግን አላልቅ አለ።"

ኃላፊው ሳቁን ዋጠ። መነጽሩን አወረደና ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ አየው። መሳቢያውን ከፍቶ ፈለገ፤ ኪሱንም ዳበሰ። የማስረከቢያው ማኅተም ማዶ ነው፤ ማዶ ደግሞ እስከ ነገ ጠዋት ተቆልፏል።

አስተካካዩ ሲወጣ ልጅቱ ከአጥሩ ውጭ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ አገኛት።

"አባዬ፣ የማን ነኝ አሉህ?"

ሻንጣውን አንሥቶ ተሸከመ።

"ለጊዜው የእኔ ነሽ" አላት።

እሷም እየተከተለችው፣ "እሱንማ አውቃለሁ" አለች። "ሌላስ?"