አይሰማም የተባለው ስልክ

ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው የሰይፈ የስልክ ጥገና ሱቅ ውስጥ፣ የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ስልክ ማይኩ እንደማይሠራ በይፋ ተነገረ። ነጋሪዋ ባለስልኳ ራሳቸው ነበሩ። ስልኩን ከመቀነታቸው ፈትተው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የማኅበር ጽዋ እንደሚያስረክብ ሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"እኔ እሰማለሁ። እኔን ግን የሚሰማኝ ጠፋ" አሉ። "ለማንም ብደውል 'ሀሎ፣ ሀሎ፣ አይሰማም' ይለኝና ይዘጋዋል።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እማማ?"

"ከእሑድ ወዲህ።"

ከኋላቸው ታናሽ ወንድማቸው አቶ ታከለ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው በሩ ላይ ቆመዋል። የመጡት ከቡሬ ማዶ ካለ ገጠር ነው። ሰይፈ ቡሬ ላይ ጠጋኝ ሞልቶ ምን እዚህ ድረስ አደከማችሁ ቢል፣ ወይዘሮዋ ከወንድማቸው ቀደሙ።

"የቡሬው 'ደኅና ነው' አለኝ። ደኅና ነው እየተባለ የማይሰማ ነገር ከበሽታም ይከፋል፣ ልጄ። ታከለ ወደ ቤት እንመለስ ቢለኝ እንቢ ብዬ ነው የመጣሁ።"

ሰይፈ ለማይክ ልዩ አክብሮት አለው። ሙያውን ማንም አላስተማረውም። የራሱን ስልክ ፈትቶ መግጠም ሲያቅተው፣ የጎረቤቱን ፈትቶ እያስተያየ ነው የተማረው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር ታዝቧል። መስታወት ሲሰነጠቅ ሁሉም ያየዋል፤ ባትሪ ሲደክም ስልኩ ራሱ ይናገራል። ማይክ ሲበላሽ ግን ከሰው ሁሉ በኋላ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

በበርበሬ ወራት ከቡሬ በኩል የሚመጣ ስልክ ቀዳዳው በዱቄት ተደፍኖ ነው የሚገኘው፤ በውቂያ ጊዜ ደግሞ እብቅ ይገባበታል። ሰይፈ ይህችንም በጥርስ ብሩሽ ጠረጋት፣ እፍ አለባት፣ ድምፅ መቅጃዋን ከፍቶ ወደ ወይዘሮዋ አፍ አስጠጋት።

"ይናገሩ፣ እማማ።"

"ምን ልበል?"

"ያሻዎትን።"

በዚህ ሱቅ ሰው ማይክ ሲሞክር የሚለው የታወቀ ነው። ወጣቱ "ቼክ፣ ቼክ" ይላል። ገበሬው ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ ይጮኻል። አንድ የደምበጫ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ደጋግመው ጠረጉና "ይበቃዋል" ብለው መለሱለት። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ግን ስልኩን ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

"እንዳለው፣ እናትህ ነኝ። እሑድ ሳትደውልልኝ ቀረህ። ሥራ በዝቶብህ እንደሁ ግድ የለም። በልተሃል ወይ፣ የኔ ጌታ?"

እንዳለው ልጃቸው ነው። ሐዋሳ ከግንበኞች ጋር ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም።

ሰይፈ የተቀዳውን ከፈተው። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ከበስተኋላው በደጅ የሚያልፍ ባጃጅ ጥሩንባ ሳይቀር ተሰማ።

"ይቺ እኔ ነኝ?" አሉ ወይዘሮዋ። "ምነው እንዲህ አረጀሁ?"

ሰይፈ ውጤቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ አቶ ታከለ ከበሩ ላይ "ወንድም፣ አንድ ጊዜ ብቅ በል እስቲ" አሉት።

ውጭ፣ ቆመው ሰው በሚጠብቁት ባጃጆች መካከል፣ አቶ ታከለ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ጠየቁት።

"ደኅና ነው፣ አይደል?"

"ከእኔ ስልክ ይሻላል።"

"ልጁ የለም።"

"የቱ ልጅ?"

"አሁን ያናገረችው። ቅዳሜ ከሚሠራበት ፎቅ ወደቀ። እሑድ እዚያው ቀበሩት።"

ሰይፈ ብሩሹን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

አቶ ታከለ ቀጠሉ። መርዶው ለቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተቆርጧል። የነፍስ አባቷ፣ ዕድርተኛው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተነጋግሯል። ልጇ ያይኔአበባ ነገ ከባሕር ዳር ትገባለች። እስከዚያ ግን ሴትዮዋ ስትደውል ማን በደኅና ድምፅ ያናግራት? መጀመሪያ ያይኔአበባ ጨንቋት "አይሰማም" ብላ ዘጋች። እሷን የሰማ ዘመድ ሁሉ ይህችኑ ቃል ተቀበለ። አሁን ከሽንዲ እስከ ባሕር ዳር ያለ ወገን ሁሉ በአንድ ድምፅ አይሰማም ይላል።

"እናም አንተ ተበላሽቷል በልና ስልኩን አስቀረው።"

"እኔ ደኅናውን ዕቃ ተበላሸ ብዬ አላውቅም፣ ጋሼ።"

"እኔስ የሞተውን አለ ብዬ አውቅ ኖሯል?" አሉ አቶ ታከለ። ከዚያ ድምፃቸው ለዘብ አለ። "ደም ግፊት አለባት። በሰው አገር፣ በሰው ሱቅ ወለል ላይ ትውደቅ? በቤቷ፣ የሚደግፋት ሰው ባለበት ትስማው ብለን እንጂ እኛስ ወደን ነው?"

ሰይፈ የአባቱ መርዶ ትዝ አለው። ዋዜማውን አብረውት ሲሥቁ ያመሹት ሰዎች ናቸው ንጋት ላይ ደረት እየመቱ የመጡት። አልተቀየማቸውም። ከዚያ ወዲህ ግን የሰው ሣቅ ሲሰማ ቀድሞ የሚያየው ዓይኑን ነው።

ተመልሶ ገባ።

"ማይኩ…" አለና ቆመ። በሙያው ቋንቋ የማይሠራ ዕቃ "ሞቷል" ነው የሚባለው። ቃሉን ከምላሱ ጫፍ መልሶ ዋጠው። "ማይኩ ደክሟል፣ እማማ። እኔ ዘንድ ይቆይና ሌላ ጊዜ ይውሰዱት።"

"አሁን ተናግሮ የለም እንዴ?"

"እሱ የመቅጃው ነው። የመደወያው ሌላ ነው።"

ሰይፈ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንዲት ባለቁልፍ ስልክ ሁለተኛ ማይክ ፈጠረላት። አቶ ታከለ "ሳይንስ ነው" ብለው አጸደቁለት።

ወይዘሮዋ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ሰይፈን፣ አንዴ ወንድማቸውን አዩ። ሰይፈ ዓይኑን ወደ ብሎኖቹ ሳጥን መለሰ፤ እዚያ የሚፈልገው ነገር አልነበረውም።

በዚህ መሐል ቤቴል ጆሮዋን የደፈነውን ማዳመጫ አወለቀች። ቤቴል በሱቁ ጥግ ባለው ኮምፒውተር ጽሑፍ የምትጽፍ ወጣት ናት። በማግስቱ ለሥራ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ስላላት፣ ከጠዋት ጀምሮ ትንሿን የጠረጴዛ ማይክ ስትሞክር ነበር። ከተባለው ሁሉ የደረሳት የሴትዮዋ ፊት ብቻ ነው።

"ምን አስጨነቀዎት፣ እማማዬ? ስልክዎ እንቢ ካለ በዚህ ኮምፒውተር እንደውል! ማይኩን አሁን ቼክ አድርጌዋለሁ፣ አንደኛ ነው።"

"ኔትወርክ የለም" አለ ሰይፈ።

"አለ እኮ፣ ይኸው!"

ጠቀሳት፤ ዓይኑ ውስጥ አቧራ የገባ መሰላት። ደግነት አንዴ ከተነሣ ማስቆሚያ የለውም። ቤቴል ከስልኩ ላይ መጨረሻ የተደወለበትን የያይኔአበባን ቁጥር አወጣች፣ በራሷ ቴሌግራም መዘገበች፣ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ የማዳመጫውን ገመድ ነቀለች፣ ደወለች። አቶ ታከለ አንድ እግራቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ቀሩ።

"ሀሎ? ማን ልበል?" አለ የያይኔአበባ ድምፅ። የማታውቀው ስም ነው የደወለላት።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ወደ ማይኩ አጎነበሱ።

"ወንድምሽ ደኅና ነው ወይ?"

ከወዲያ በኩል አንድ በር ተዘጋ።

"አይሰማም" አለች ያይኔአበባ። "አይሰማኝም፣ እማዬ።"

"እንዴት አይሰማም?" ቤቴል ተቆጣች። "ይኸው እሳቸው ሲናገሩ የድምፁ መስመር እየጨፈረ!" ስክሪኑን ለሰይፈ አሳየችው። ሰይፈ አላየም።

ወይዘሮዋ ቀና አሉ። ጥያቄያቸውን ለማንም አላነጣጠሩትም።

"ካልሰማችኝ፣ እናቷ መሆኔን ማን ነገራት?"

"የዘንድሮ ዕቃ እኮ ሁሉም ያው ነው፣ እታለም" አሉ አቶ ታከለ። "ኮምፒውተሩም ቢሆን…"

"ታከለ።"

"አቤት።"

"'እንዳለው ይሙት፣ ስልክሽ ተበላሽቷል' በለኝ። አምንሃለሁ። ከዚያ ቤታችን እንሄዳለን።"

አቶ ታከለ በዚህ ልጅ ስም ሲምሉ ነው የኖሩት። ለበሬ ዋጋ ምለዋል፣ ለወሰን ምለዋል፣ ጠላ አልደገምሁም ብለውም ምለዋል፤ ብዙውን በሐሰት። አሁን አፋቸውን ከፈቱ። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የቻርጀር መዓት አዩ፣ ሰይፈን አዩ። ሰው የሚምለው በሕይወት ባለው ነው። በሙት ስም እንዴት ይማላል? አፋቸውን መልሰው ገጠሙና ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ አልጮኹም፣ አልወደቁም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወጡ፣ ጥለቱን በጣታቸው ፈልገው አገኙት፣ ዘቅዝቀው መልሰው ደረቡት። ለሐዘንተኛ ነጠላ የሚዘቀዘቀው መርዶ አርጂ ሲመጣ ነው፤ እሳቸው ግን ማንንም አልጠበቁም።

ቤቴል ያኔ ገባት። ፊቷ ጠቆረ፤ የዘነጋችው ጥሪ እንዳልተዘጋ ትዝ ብሏት ልትዘጋው እጇን ወደ ማውዙ ሰደደች። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ሲተነፍስ ይሰማል።

ሰይፈ እጇን ያዘ።

"ተይው" አላት። "አትዝጊው።"

የራሱን ወንበር አንሥቶ ከወይዘሮዋ ኋላ አኖረ። ክንዳቸውን ደግፎ አስቀመጣቸው። ከዚያ ትንሿን ማይክ ከጠረጴዛው ጫፍ ስቦ ፊታቸው አደረጋት፤ ከፍታዋንም ለአፋቸው አስተካከለ።

"ያይኔ" አሉ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ። "ይሰማሻል ወይ፣ ልጄ?"

ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ድምፁ መጣ።

"ይሰማኛል፣ እማዬ።"