ከደጅ እስከ አስፋልት

ዓምሃ ደረጃውን ወረቀት ላይ ከሠራው ሁለት ወር አልፎታል። ሠላሳ ደረጃ ነው፤ ከቤቱ ደጅ ተነስቶ የቀጨኔን ቁልቁለት ይዞ እስከ አስፋልቱ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በሐሳቡ ይወርድበታል። ግራና ቀኙ መደገፊያ አለው፣ መደገፊያው ላይ ሐረግ ተጠምጥሟል፣ ሚስቱ አስቻለች ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ከፊቱ ትሄዳለች። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሕንፃ ፕላን ሲነድፍ የኖረ ሰው ነውና ባልተሠራ ነገር ላይ መራመድ ያውቅበታል።

አስቻለች ግን አምና ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከደጃፉ አላለፈችም። በከዘራ ትራመዳለች፤ ቁልቁለቱን አትደፍረውም። ተሸክመን እናውርድሽ ሲሏት "እኔ ጆንያ ነኝ?" ትላለች። ሰኔ ገብቶ መንገዱ ከጨቀየ እስከ መስከረም እዚያው መቅረቷ ነው። ለግንቦት መድኃኔዓለም በእግሯ ደብሩ መድረስ ፈልጋለች፤ ሌላ የጠየቀችው የለም።

"ድንጋዩ ተሟልቶ ሳይገባ አይጀመርም" ይላል ዓምሃ። "መጀመሪያ ፕላን፣ ቀጥሎ ዕቃ፣ ከዚያ ሥራ።"

"ጋሼ፣ እኛ ቢሮ እንደዚህ ብንሠራ እስካሁን ተባረን ነበር" አለችው ሚልካ። የጎረቤት ልጅ ናት፣ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥራለች። "እኛ አጃይል ነው የምንለው። ትንሽ ይሠራል፣ ለባለቤቱ ይታያል፣ ይታረማል፣ ይቀጥላል። ያለን ድንጋይ ለሦስት ይበቃል። እሁድ ሦስት እንሥራና እትዬ አስቻለች ይሞክሩት።"

"ሦስት ደረጃ የት ያደርሳል?"

"አራተኛው ጋ።"

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሰፈሩ ወጣ። ባለሱቁ ሙንዲር ጋሪውን አመጣ። ቀትር ላይ ሦስቱ ደረጃ አለቀ። አስቻለች የመጀመሪያው ላይ እግሯን አሳርፋ መለሰችው።

"ከፍ አለብኝ።"

ዓምሃ አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ይበቃል ብሎ የነደፈው ከፍታ ነበር፣ ዐሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር። ሚልካ አፈረሰችው፣ ወደ ዐሥራ ሦስት አወረደችው። አስቻለች ወረደች፣ ወጣች፣ ማንም ሳይላት ደግማ ወረደች። "ይቺማ ታወርደኛለች" አለች።

ከዚያ በኋላ ሙንዲር በጋሪው ድንጋይ እያመላለሰ፣ ሚልካ ከሥራ ስትመለስ በየማታው አምስት አምስት ይሠሩ ጀመር፤ አስቻለች ትሞክራለች፣ እነሱ ያርማሉ። ዐሥረኛው ላይ "እዚህ ጋ ደከመኝ" ስትል አሰፉትና ማረፊያ አደረጉት። ወረቀቱን የጠየቀ ሰው የለም።

ዓምሃ ማክሰኞ ዕለት ታየው። ደረጃው ዝቅ ብሏል፣ መንገዱ አጭር ነው፣ ቁልቁለቱ እየቀደማቸው ነው፤ በዚህ ከቀጠሉ አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ደረጃው ገና ከላይ ይቀራል። ሳይነግራቸው ወረቀቱን አጠፈው። ራሳቸው ይዩት፣ አለ በሆዱ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዓይኑ ሲከደን ደረጃው ከኮረብታው ተላቀቀ፤ በቆርቆሮ ጣራዎች ላይ፣ በባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ፣ እንጦጦን ከኋላው ትቶ ቀስ እያለ ተንሳፈፈ። መጨረሻው ላይ አስቻለች ቆማለች፣ በከዘራዋ ከታች መሬት ትፈልጋለች።

ሐሙስ ዕለት የሺ፣ የታችኛዋ ጎረቤት፣ መስኮቷን ከፈተች። የሚልካ እግር ፊቷ ላይ ነው።

"እናንተ፣ ወጤን ልትቀምሱ ነው?"

ሚልካ ሳቀች፣ ወደ ፊት አየችና ሳቁን ተወችው። ወደ አስፋልቱ የቀረው ጥቂት እርምጃ ነው፤ ከእግሯ እስከ አስፋልቱ ያለው ከፍታ ግን ገና ከሰው ቁመት ይበልጣል። ወደ ቤት ገብታ ዓምሃ አጠገብ ተቀመጠች።

"አጠፋሁ ጋሼ። እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"ከማክሰኞ ጀምሮ።"

"ከማክሰኞ?" አለች አስቻለች ከበሩ። "ሰው ድንጋይ ሲሸከም እያየህ?"

ዓምሃ ወረቀቱን ገለበጠና በጀርባው ላይ እንደ አዲስ መንደፍ ጀመረ፤ በዚህኛው ግን ሐረግ የለበትም። በአስቻለች እግር አርባ ሁለት ደረጃ ይሆናል። ቀጥ ብሎ ከወረደ ቦታ አይበቃውም፤ እሷ የደከማት ቦታ ላይ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ጎመን የተተከለበትን የየሺን ግቢ ጥግ ይዞ መመለስ አለበት። የሺ ዘንድ ራሱ ሄደ።

"ጎመኔን ነው የሚሉኝ?"

"ጎመንሽን።"

የሺ መደቡን ትንሽ አየችው። "እትዬ አስቻለች ከወረዱበት ይወሰድ። ግን መስኮቴ ላይ የከመራችሁትን አንሱልኝ።"

ከማረፊያው በታች ያለውን ሁሉ አፈረሱት። ከዚያ ወዲህ ሚልካ በየማታው "ዛሬ ስንት፣ ጋሼ?" ትላለች፤ እሱ ደግሞ "አምስት" ብሎ የነገው የት እንደሚያርፍ በኖራ መሬቱ ላይ ያሰምርላታል። አስቻለች ስትሞክረው መስመሩን አጥፍቶ እንደገና ያሰመረበት ማታም ነበር።

የመድኃኔዓለም ዕለት፣ በሃያ ሰባት ጠዋት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ሲሚንቶ ስላልደረቀ ሳንቃ ተጋድሞባቸዋል። ጉም ገና ከቁልቁለቱ አልተነሳም። ዓምሃ ክንዱን ዘረጋላት።

"ተወኝ" አለች።

አንድ አንድ እያለች ወረደች። ማረፊያው ላይ ቆማ ተነፈሰች፣ ታጠፈች፣ ጉሙ ውስጥ ገባች። የከዘራዋ ድምፅ ብቻ ከታች ይሰማ ነበር፤ ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ሳንቃ፣ ከዚያ አስፋልት። ዓምሃ ከላይ እንደ ቆመ ቀረ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለችው ከታች። "ሌላ ፕላን?"

ጫማውን ሳያስር ወረደ።